ሐይቅና አርዲቦ ላይ ጀልባ ለማከራየትና ለመንዳት፦ የትኛው ወረቀት ይቀድማል?

ወሎ ውስጥ ሐይቅና አርዲቦ ከሚባሉት ሁለት ሐይቆች በአንዱ ላይ ጀልባ ማከራየት የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከጀልባው ነው። ገንዘብ ይዋጣል፣ ማኅበር ይደራጃል፣ ያገለገለ ጀልባ በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣል፤ የወረቀቱ ነገር የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ግን ረፍዷል። ለስምንት ሰው ተብሎ የተገዛው ሲለካ አምስት ሰው ብቻ የሚይዝ ሆኖ ይገኛል፤ ወይም ዲክላራሲዮኑ (የጉምሩክ ወረቀቱ) ላይ ያለው ቁጥርና ጀልባው ላይ የተቀረጸው ቁጥር አይገናኙም። ኪሳራው የገዢው ነው። ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት፦ መጀመሪያ ጥያቄ በጽሑፍ፣ ቀጥሎ የንግድ ምዝገባ፣ ከዚያ ጀልባው፣ ከዚያ ካፒቴኑ፣ መጨረሻ ላይ የንግድ ፈቃድ።

ወረቀቶቹ ሦስት ናቸው፤ የጀልባው፣ የካፒቴኑና የንግዱ። መኪና ያለው ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል፤ ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድና የንግድ ፈቃድ አንዱ ለሌላው አይተካም። ጀልባ ላይ ግን ሦስቱን አንድ አድርጎ የሚያይ ብዙ ነው። "ንግድ ፈቃድ አለን" የሚል ማኅበር ጀልባው ሳይመዘገብ፣ ነጂው ሳይፈተን ሰው ይጭናል። የመኪና መንጃ ፈቃድም፣ ደረጃው ምንም ቢሆን፣ ውሃ ላይ ዋጋ የለውም።

ጥያቄው ወዴት ይሄዳል?

በአገር ደረጃ የውሃ ትራንስፖርትን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው። መሠረቱ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የማሪታይም ዘርፍ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 549/1999 ሲሆን፣ የባለሥልጣኑ ሥራ ባሕር ላይ ብቻ ሳይሆን በአገር ውስጥ ውሃዎች ላይም ነው። ሐይቅና አርዲቦ ግን ሁለቱም በአማራ ክልል ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ስለዚህ የክልሉ ትራንስፖርት መዋቅር፣ ባህልና ቱሪዝም፣ እንዲሁም የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት እጃቸው አለበት። ሐይቅ ከተማ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ስለሆነች ለሐይቁ የወረዳው ደጃፍ ቅርብ ነው።

አንድ ገጽ ማመልከቻ ጽፈው በአንድ ጊዜ ለባለሥልጣኑም ለወረዳውም ያስገቡ። ማመልከቻው ላይ የሐይቁን ስም፣ የጀልባውን ርዝመትና ወርድ፣ የሞተሩን የፈረስ ጉልበት፣ ለመጫን ያሰቡትን የሰው ብዛት፣ ከየት ተነሥቶ እስከ የት እንደሚሄድ፣ ከካፒቴን ጋር ወይም ያለ ካፒቴን እንደሚያከራዩ ይጻፉ። "ምርመራውን ማን ያደርጋል? የነጂውን ብቃት ማረጋገጫ ማን ይሰጣል?" ብለው ይጠይቁና መልሱን በደብዳቤ ይቀበሉ። በቃል "ችግር የለውም፣ ጀምሩ" የሚል መልስ ሰውየው ቦታ ሲቀየር አብሮት ይሄዳል። ገቢ የተደረገበት ቁጥርና ማኅተም ያለበትን ቅጂ ያስቀምጡ።

የንግዱ በኩል የሚመራው በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚንገላታበት አንድ ቋጠሮ አለ። ንግድ ጽሕፈት ቤቱ "የብቃት ማረጋገጫ አምጣ" ይላል፤ ብቃት የሚሰጠው ደግሞ "ማን ብዬ ልጻፍልህ?" ይላል። መፍቻው ምዝገባና ፈቃድ ሁለት ነገር መሆናቸውን ማወቅ ነው። በመጀመሪያ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያውጡና የንግድ ምዝገባውን ብቻ ይጨርሱ። በተመዘገበው ስም ጀልባውን ያስመርምሩ፣ የብቃት ማረጋገጫውን ይያዙ፤ ፈቃዱን ያን ጊዜ ይጠይቁ። የማኅበሩ ስም ሁሉም ወረቀት ላይ በፊደል ደረጃ አንድ ይሁን፤ አንዱ ላይ "ኃ" ሌላው ላይ "ሀ" ቢሆን እንኳ ለኢንሹራንስ ክርክር በር ይከፍታል። ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል።

ጀልባው

ከውጭ የመጣ ጀልባ ከሆነ ሁለት ነገር ይፈልጉ። አንደኛው የአካሉ መለያ ቁጥር ነው። ሞተሩ በሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ላይ፣ በቀኝ በኩል ከላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ የአሜሪካ ከሆነ 12፣ የአውሮፓ ከሆነ የአገሩን መለያ ጨምሮ 14 ፊደልና ቁጥር አለው። ዲክላራሲዮኑ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ተፍቆ በቀለም የተሸፈነ ከሆነ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይተውት። ሁለተኛው የአምራቹ ሳህን፣ ማለትም የጀልባው መረጃ ተጽፎበት የሚለጠፈው ሰሌዳ ነው። አውሮፓውያኑ ጀልባን "ኤ"፣ "ቢ"፣ "ሲ"፣ "ዲ" ብለው ይመድባሉ። "ሲ" እስከ 2 ሜትር ማዕበልና በቦፎርት መለኪያ እስከ 6 ነፋስ፣ "ዲ" ደግሞ 0.3 ሜትር አካባቢ ማዕበልና እስከ 4 ነፋስ ድረስ ነው። አንድ ጀልባ ሁለት ምድብ ሊኖረው ይችላል፤ ሳህኑ ላይ "ሲ 5፣ ዲ 7" ካለ ውሃው ሻከር ባለ ቀን 5 ሰው፣ በረጋ ቀን 7 ሰው ማለት ነው። ከቀትር በኋላ ነፋስ በሚነሣበት ሐይቅ ላይ የንግድ ሥራ ሲታቀድ የሚያዘው ትንሹ ቁጥር ነው።

ሳህን የሌለው፣ አገር ውስጥ የተበየደ የብረት ጀልባ ከሆነ ልኬቱን ራስዎ ይሥሩ። የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ከ6 ሜትር ለሚያጥሩ ባለ አንድ አካል ሞተር ጀልባዎች የሚጠቀምበት ቀላል ቀመር አለ፦ ርዝመት በጫማ ሲባዛ በወርድ በጫማ፣ ሲካፈል ለ15። በሜትር ሲመለስ ርዝመት ሲባዛ በወርድ፣ ሲባዛ በ0.7 ይሆናል። 5 ሜትር ርዝመትና 1.6 ሜትር ወርድ ያለው ጀልባ 8 ይወጣል፤ በ0.7 ሲባዛ 5.6። ክፍልፋዩ ይጣላል፤ 5 ሰው ነው። ካፒቴኑም ከአምስቱ አንዱ ነው፤ ስለዚህ የሚከፍለው ተሳፋሪ 4 ነው። ቢዝነስ ፕላኑ የሚሠራው በዚህ 4 ላይ ነው። ቀመሩ አንድ ሰው 68 ኪሎ ብሎ ነው የሚነሣው፤ ያ አገር ራሱ ለተሳፋሪ ጀልባዎች ግምቱን በ2011 እ.ኤ.አ. ወደ 84 ኪሎ ገደማ አሳድጎታል።

ቀመሩ ብቻውን አይበቃም፤ ይሞከራል። ለያንዳንዱ ሰው 75 ኪሎ አሸዋ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው፣ ጥልቀቱ ወገብ በማይደርስበት ውሃ ላይ ይጫኑ። ከውሃው እስከ ጠርዙ ዝቅተኛ ቦታ ድረስ ይለኩ። ከ30 ሳንቲ ሜትር ካነሰ አንድ ሰው ይቀንሱ። ቀጥለው ከረጢቶቹን ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያዙሩ፤ ይህ ፎቶ ለማንሳት ሁሉም በአንድ ወገን ሲነሣ የሚሆነው ነው። ውሃ በጠርዙ ከገባ እንደገና ይቀንሱ። የመጨረሻውን ቁጥር ከውስጥም ከውጭም በትልቁ በቀለም ይጻፉ። "አብሽር፣ አንድ ሰው ቢጨመር ምን አለው?" የሚለው ደንበኛ መቼም አይጠፋም፤ በንግሥ ቀንማ መንጋው ነው። ካፒቴኑ አፉን ከሚያደክም ቀለሙ ይመልስለት።

የብረት ጀልባ ውሃ ከሞላ ይሰምጣል፤ እንጨቱ ወይም ታንኳው እንደሚንሳፈፍ አይንሳፈፍም። ስለዚህ የመንሳፈፊያ ክፍል ያስፈልገዋል። 300 ኪሎ ብረት ውሃ ውስጥ ሲገባ ክብደቱ 262 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ 100 ኪሎ ሞተር 80 ገደማ እንበል። 342 ኪሎ መያዝ አለበት ማለት ነው፤ ከዚያ ላይ ጠርዙን የሚጨብጡ ሰዎች አሉ። ግማሽ ሜትር ኩብ የተዘጋ አየር ወይም ውሃ የማይመጥ ፎም ይህን ይሸከማል። ፎም ከጠፋ 25 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ክዳናቸው በማጣበቂያ ታሽጎ፣ ከመቀመጫዎቹ ሥር በሁለቱም ጎን እኩል ተከፋፍለው በብረት ቀበቶ ይታሰራሉ። በገመድ ማሰር ዋጋ የለውም፤ ሲገለበጥ ጀሪካኑ ብቻውን አምልጦ ይሄዳል። ፀሐይ ፕላስቲኩን ስለምታደርቀው በየዓመቱ አንድ በአንድ እየተጨመቀ ይፈተሻል።

ሞተሩ ላይ ብዙ ሻጭ የማይናገረው ነገር አለ። ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ አርዲቦ ከዚያም ከፍ ይላል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 40 ፈረስ ተብሎ የተሸጠው እዚህ 32 ነው። ይህን ሳያውቁ ከሞሉት ጀልባው አፍንጫውን አንሥቶ ይጎተታል፣ ኋላው ዝቅ ይላል፣ ማዕበል በኋላ ይገባል። መፍትሔው ትልቅ ሞተር መግዛት አይደለም፤ የኋላ ግድግዳው ሳህን ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ጉልበት ማለፍ በምርመራም በኢንሹራንስም ያስጥላል። ፕሮፔለሩን ይቀይሩ። ሙሉ ጭነት ጭነው ሙሉ ጋዝ ሲሰጡ ዙሩ በመመሪያው ከተጻፈው ክልል በታች ከቀረ፣ ጠመዝማዛው (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) በአንድ ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ይመልሳል። ካርቡራተር ያለው ሞተር ደግሞ እዚህ ከፍታ ላይ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው እየጠቆረ ሐይቁ መሐል ይጠፋል። አነስተኛ የቤንዚን ማሳለፊያ ያስገጥሙ፤ ሞተሩን ወደ ቆላ ከሸጡት ግን የቀድሞው ይመለስ፤ አለዚያ ይቃጠላል።

የነዳጅ ሒሳብ፦ 40 ፈረስ ሞተር በሙሉ ጋዝ በሰዓት 15 ሊትር ገደማ ይጨርሳል። ሲሦው መሄጃ፣ ሲሦው መመለሻ፣ ሲሦው መጠባበቂያ ነው። ተነቃይ ታንከር የሚሞላው መሬት ላይ እንጂ ጀልባው ውስጥ አይደለም፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ተኝቶ እሳት ይጠብቃል።

ከዕቃዎቹ ላይፍ ጃኬቱ ላይ ቆም ይበሉ። ውስጡ ወይም ጀርባው ላይ የመንሳፈፍ ጉልበቱ በኒውተን ይጻፋል። 50 የሚለው መዋኘት ለሚችል ሰው መርጃ ነው፤ ራሱን የሳተ ሰው ፊቱን ወደ ላይ አያዞርለትም። ወሎ ላይ የሚሳፈረው አብዛኛው ሰው ዋና ስለማያውቅ ከ100 በታች አይግዙ። የልጆች በኪሎ ይመረጣል፤ የእግር መሐል ማሰሪያ ከሌለው ልጁ ከሥሩ ሾልኮ ይወጣል። ከጠቅላላው ሰው ብዛት በላይ ሁለት ትርፍ ይኑር። ጃኬቱ ሳይለበስ መቀመጫ ሥር ተቆልፎ ከተቀመጠ እንደሌለ ይቆጠራል። የቀረው አጭር ነው፦ 20 ሜትር ተንሳፋፊ ገመድ ያለው ቀለበት፣ ባለ 2 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ፣ ሁለት መቅዘፊያ፣ መልሕቅ ከገመዱ ጋር፣ ፊሽካ፣ የእጅ ባትሪ፣ የውሃ መቅጃ ባልዲ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን። ሐይቅ መሐሉ ከ80 ሜትር በላይ ስለሚጠልቅ መልሕቅ ዳር ላይ እንጂ መሐል ላይ አይረዳም፤ መቅዘፊያው ነው የሚመልስዎት።

ካፒቴኑ

ዕድሜው 18 መሙላት አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 እስከ 18 ያሉትን ወጣት ሠራተኛ ብሎ አደገኛ ሥራ ላይ እንዳይመደቡ ይከለክላል፤ "ልጁ ከሁላችንም ይሻላል" ማለት አያድንም። የዓይንና የአጠቃላይ ጤና ምርመራ ወረቀት፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ወረቀት፣ የዋና ችሎታ ይያዝ። ፈታኙ ማን ይሁን ማን፣ ያለማመንታት መሥራት ያለበት ይህን ነው፦

ሁለት ሞተር ጀልባዎች ፊት ለፊት ሲገጥሙ ሁለቱም ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። መንገድ ሲቋረጥ ሌላውን በቀኙ የሚያየው ይቆማል ወይም ከኋላው ያልፋል። የሚቀድም ከሚቀደመው ይርቃል። ይህ የ1972 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የግጭት መከላከያ ደንብ ነው። ለታንኳ ግን ሁልጊዜ ሞተር ያለው ይለቃል፤ ከአጠገቡ ሲያልፍም ፍጥነት ይቀንሳል፤ ታንኳን የሚገለብጠው ግጭት ብቻ አይደለም፣ የሞተር ጀልባ ማዕበልም ይገለብጠዋል።

ሰው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ፦ ጮኾ ያሳውቃል፣ ሰው ወደ ወደቀበት ጎን ጀልባውን ያዞራል፣ ፕሮፔለሩ ከሰውየው እንዲርቅ። አንድ ሰው ጣቱን ወደ ወደቀው ቀስሮ ዓይኑን ሳይነቅል ይጠቁማል። ነፋሱን ፊት ለፊት አድርጎ ቀስ ብሎ ይጠጋል፤ ክንድ ሲቀር ሞተሩን ያጠፋል፤ ማርሹን ነፃ ማድረግ ብቻ አይበቃም። የማይተነፍስ ከሆነ የሰመጠ ሰው ላይ በ5 ትንፋሽ ይጀመራል፤ ከዚያ 30 የደረት ግፊት፣ 2 ትንፋሽ። ሞተር ማጥፊያው ገመድ ከካፒቴኑ ክንድ ወይም ጉልበት ጋር ሁልጊዜ ይታሰር። ካፒቴኑ ከወደቀ ማንም የማይነዳው ጀልባ ክብ እየሠራ ተመልሶ ይመጣበታል።

ከውጭ ፈቃድ ይዘው የሚመጡ አሉ። የወረቀቱን ዓይነት ይዩ። የአውሮፓው ዓለም አቀፍ የብቃት ሰርተፊኬት ለራስ መዝናኛ ነው፤ ተሳፋሪ አስከፍሎ መጫን አይፈቅድም። አሜሪካ ውስጥ ክፍለ ግዛቶች የሚሰጡት የጀልባ ትምህርት ካርድም እንዲሁ። እዚያ አገር እስከ 6 ከፋይ ተሳፋሪ ለመጫን የሚያስፈልገው የካፒቴን ፈቃድ 360 ቀን የውሃ ላይ ልምድ ይጠይቃል፤ ከዚያ ውስጥ 90ው ባለፉት ሦስት ዓመታት የተገኘ መሆን አለበት፤ በየ5 ዓመቱም ይታደሳል። መርከብ ላይ የሠራ ሰውም አለ፤ የመርከበኞች ሥልጠናና ሰርተፊኬት ስምምነት የ1978 እ.ኤ.አ. ባሕር ላይ ለሚሄዱ መርከቦች ነው፤ በአገር ውስጥ ውሃ ብቻ የሚሄዱትን አይመለከትም። እነዚህን ወረቀቶች ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ ይጠቅማል እንጂ ፈተናውን አይተኩም።

ካፒቴኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የራሱን መዝገብ ይያዝ፦ ቀን፣ ጀልባ፣ ሰዓት፣ የሰው ብዛት፣ አየሩ፣ የባለቤቱ ፊርማ። ሌላ ቦታ ሊቀጠር ሲሄድ ልምዱን የሚያስቆጥርለት ይህ ደብተር ነው።

ኪራዩና ውሉ

ከካፒቴን ጋር ማከራየትና ጀልባውን ብቻ ማከራየት የተለያዩ ናቸው። በመጀመሪያው አመራሩም ኃላፊነቱም በእርስዎ እጅ ይቆያል፤ ደንበኛው ተሳፋሪ ነው። በሁለተኛው ጀልባው በደንበኛው እጅ ነው፤ እርስዎ ግን ደኅና የሆነ፣ የተሟላ ዕቃ የማስረከብ ግዴታ አለብዎት። ሞተር ያለውን ያለ ካፒቴን አለማከራየት ይሻላል። በቀዘፋ የሚሄደውን ግን በተንሳፋፊ ምልክት በተከለለ ዳር ላይ ማከራየት ይቻላል፤ እንደ ማይባር ባለ ትንሽ ሐይቅ ደግሞ ከቀዘፋ ሌላ አያስፈልግም።

ውሉ አንድ ገጽ ይበቃዋል። የተከራዩ መታወቂያ ቁጥር፣ ዕድሜው 18 መሙላቱ፣ የሰው ብዛት፣ የመነሻና የመመለሻ ሰዓት፣ የማይታለፍ ወሰን፣ ነዳጁ የማን እንደሆነ፣ መጠጥ የጠጣ ሰው እንደማይሳፈር ይጻፍበት። ያለዚህ አንድ ሐረግ ግን ውሉ ጎዶሎ ነው፦ "አየሩ ከተበላሸ ጉዞውን የሚያቆመው ካፒቴኑ ነው፤ ያልተጓዙበት ሰዓት ገንዘብ ይመለሳል።" ገንዘብ የማይመለስ ከሆነ ደንበኛውም ይከራከራል፣ ካፒቴኑም ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ይሉኝታ ደግሞ ሰው ያሰምጣል። ከማስረከብ በፊት የጀልባውን አራት ጎን፣ የፕሮፔለሩን ጥርስና የነዳጁን ልክ በስልክ ፎቶ ያንሡ።

ኢንሹራንሱን ለብቻው ይግዙ። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ 799/2005 ለመንገድ ተሽከርካሪ እንጂ ለጀልባ አይደለም፤ የማኅበሩ መኪና መድን ጀልባውን አይሸፍንም። ፖሊሲው ላይ "ለንግድ፣ ለተሳፋሪ" የሚል ቃል መኖሩን፣ የሰው ብዛቱም ጀልባው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን ያንብቡ።

ውሃው ላይ

መረብ ብዙውን ጊዜ ማታ ይጣላል፣ ጠዋት ይነሣል። በማለዳ ዳር ዳሩን የሚነዳ ካፒቴን ፕሮፔለሩን መረብ ያስጠመጥመዋል፤ የመረቡን ዋጋ ከመክፈል ቀድሞ ከአጥማጆቹ ማኅበር ጋር መተላለፊያ መስመር መስማማት ይረክሳል። ደንበኛው ዓሣ ማጥመድ ከፈለገ የኪራይ ፈቃድ አይበቃም፤ ዓሣ ማስገር በአዋጅ ቁጥር 315/1995 የራሱ ሕግ አለው።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አጠገብ ለመውረድ አስቀድመው የገዳሙን ፈቃድ ይጠይቁ። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም፤ ይህን ለደንበኛው የሚነግሩት ትኬት ሲቆርጥ እንጂ ደጃፉ ላይ አይደለም።

ዘይት ሌላው ነው። የአርዲቦ ውሃ በአንካርካ ወንዝ ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ ከሐይቅ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። የፈሰሰው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ቱ ስትሮክ ሞተር ያለው ለ25 ሊትር ቤንዚን ከግማሽ ሊትር በላይ ዘይት አይቀላቅል (50 ለ1)፤ ከቻለ ፎር ስትሮክ ይግዛ። ወለሉ ላይ የተጠራቀመ ውሃ ዘይት ካለበት በባልዲ ወደ ሐይቁ አይደፋም፤ በጨርቅ ይመጠጥና መሬት ላይ ይወገዳል።

የሦስቱ ወረቀቶች ቅጂ፣ ፖሊሲውና የዕለቱ የተሳፋሪ ስም ዝርዝር ጀልባው ላይ በፕላስቲክ ታሽገው ይቀመጡ፤ የስም ዝርዝሩ ሁለተኛ ቅጂ ግን መሬት ላይ ይቅር። አደጋ ከደረሰ ሰው ከተረፈ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ያን ዝርዝር መቁጠር ነው። ቀጥሎ ለፖሊስና ለኢንሹራንሱ በዕለቱ በጽሑፍ ማሳወቅ። የሞተሩ ማርሽ፣ የነዳጁ ልክና የላይፍ ጃኬቶቹ ቦታ እንደነበሩ ፎቶ ይነሡ፤ መርማሪ እስኪመጣ ጀልባው አይታጠብ፣ ሞተሩም አይፈታ።